የሐሩር ክልል ዓይነት የአሳማ ሥጋ ከፍራፍሬ ጋር በስሎው ኩከር ማብሰል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ምግቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሞክሩ ሰዎች ጀምሮ ደጋግመው ሠርተውት መረቁ ወይም ፍሬው ካስቸገራቸው ሰዎች የሚነሡ ሲሆኑ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

«የሐሩር ክልል ዓይነት» ሲባል ምን ዓይነት ምግብ ነው?

የአሳማ ሥጋ ከአናናስ፣ ከማንጎ፣ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሚያቃጥል ቃሪያ ተቀምሞ በዝግታ የሚበስልበት አሠራር ነው። የአንድ አገር ምግብ አይደለም። በኩባ ሥጋው ከኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኦሬጋኖና ከከሙን በሚዘጋጀው «ሞሆ» ይዘፈዘፋል፤ በሜክሲኮ የዩካታን ግዛት በኮምጣጣ ብርቱካንና አቾቴ በተባለው ቀይ ፍሬ ተለውሶ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይበስላል፤ በፊሊፒንስ «ሃሞናዶ» የሚባለው ደግሞ በአናናስ ጭማቂና በስኳር ይሠራል። በጃማይካው «ጀርክ» ውስጥ ኦልስፓይስ የሚባለው ቅመም፣ ጦስኝና ስኮች ቦኔት የሚባለው ኃይለኛ ቃሪያ ዋናዎቹ ናቸው።

በቤት ውስጥ በስሎው ኩከር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በዝግታ በሚያበስል ባለ ክዳን ድስት፣ የሚሠራው ምግብ ከእነዚህ ሁሉ የተዋሰ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉንም በአንድ ድስት መቀላቀል አይመከርም። ኦሬጋኖና ከሙን ከብርቱካን ጋር፣ ሶይ ሶስና ዝንጅብል ከአናናስ ጋር፣ ኦልስፓይስና ጦስኝ ከማንጎ ጋር ይስማማሉ። አንዱን መንገድ መርጦ እስከ መጨረሻው መከተል ጣዕሙን ግልጽ ያደርገዋል።

የትኛው የሥጋ ክፍል ይሻላል?

ያለ ጥርጥር ትከሻው ይሻላል። እንስሳው ሲንቀሳቀስ ይህ ክፍል ብዙ ስለሚሠራ ጅማቱም፣ በሥጋው መካከል የተሠራጨው ስቡም ብዙ ነው። ጅማቱ የተሠራበት ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ በእርጥብ ሙቀት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ሥጋው ሹካ ሲነካው የሚፈለቀቀውም፣ መረቁ ከንፈር ላይ ያዝ የሚያደርግ ውፍረት የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ለውጡ ሰዓታትን ይፈልጋል፤ ስሎው ኩከር የሚሰጠውም ይህንኑ ጊዜ ነው።

ሽንጥና ፊሌቶ ግን ስብም ጅማትም እምብዛም ስለሌላቸው ለረጅም ሰዓት ሲበስሉ ውኃቸውን አጥተው ይደርቃሉ እንጂ አይለሰልሱም። ያለዎት ሽንጥ ብቻ ከሆነ በዝቅተኛው ሙቀት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል አብስለው፣ መካከሉ 63 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትር ካረጋገጡ በኋላ አውጥተው ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ያሳርፉትና በስሱ ይቁረጡት። በጣት የሚፈለቀቅ ሥጋ ግን ከሽንጥ አይጠበቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ በምን መጠን ልጀምር?

ለ1.5 ኪሎ ግራም የትከሻ ሥጋ ሁለት ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ወይም ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሚያቃጥል ቃሪያ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ግማሽ ኩባያ የአናናስ ጭማቂ፣ ሁለት ኩባያ የተቆራረጠ አናናስና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይበቃሉ። ጨው ለ1 ኪሎ ግራም ሥጋ 10 ግራም ያህል የሚመጥን ሲሆን፣ ሶይ ሶስ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ እርሱን ከጨመሩ ከጨዉ ሲሶውን ይቀንሱ።

ሥጋውን ከአራት እስከ አምስት ትልልቅ ቁራጮች ይክፈሉት። ሽንኩርቱን ከድስቱ ሥር አንጥፈው፣ ሥጋውን ከላይ ደርድረው፣ ጭማቂውንና ሶይ ሶሱን በዙሪያው ያፍስሱ። አናናሱና ሎሚው እንዴትና መቼ እንደሚገቡ ከዚህ በታች ተገልጿል። ድስቱ ከግማሽ በታች ከሆነ ምግቡ ከሚገባው በላይ ይፈጥንና ዳር ዳሩ ይከርራል፤ እስከ አፉ ከሞላ ደግሞ መካከሉ ለመሞቅ ይዘገያል። ስለዚህ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ መሙላት ይበቃል።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? «ዝቅተኛ» ይሻላል ወይስ «ከፍተኛ»?

ከላይ የተጠቀሰው መጠን በዝቅተኛው ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ በከፍተኛው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ብዙዎች በሁለቱ መካከል ትልቅ የሙቀት ልዩነት ያለ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ ድስቶች ሁለቱም በመጨረሻ ከመፍላት ጥቂት ወደሚያንስ ተቀራራቢ ሙቀት ይደርሳሉ፤ የሚለያዩት በሚደርሱበት ፍጥነት ነው። ለትከሻ ሥጋ ጊዜ ካለዎት ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ ኮላጅኑ ሙሉ በሙሉ ከመሟሟቱ በፊት የሥጋው ጭረት እንዳይኮማተር ያግዛል።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ሥጋው ጠጥሮ ሲያገኙት ከመጠን በላይ በስሏል ብለው የሚያወጡት ሰዎች ብዙ ናቸው። የትከሻ ሥጋ ከጠጠረ ገና አልበሰለም ማለት ነውና ክዳኑን ዘግተው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይጨምሩለት። መድረሱ የሚታወቀው የውስጡ ሙቀት ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ሲሆንና የተሰካው ሹካ ያለ ትግል ሲዞር ነው። ክዳኑን በየጊዜው እየከፈቱ ማየት ግን ምግቡን ያዘገየዋል፤ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል።

ሥጋውን አስቀድሞ በመጥበሻ መጥበስ ግድ ነው?

ለደኅንነት ግድ አይደለም፤ ለጣዕም ግን በእጅጉ ይጠቅማል። የተጠበሰ ሥጋ መዓዛና ቡናማ ቀለም የሚገኘው የላዩ ሙቀት ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋና ከዚያም ሲያልፍ በመሆኑ፣ በእንፋሎት በተሞላውና 100 ዲግሪ በማያልፈው ድስት ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም። የፍራፍሬ ጣፋጭነት ያለዚህ መዓዛ ብቻውን ሲሆን ምግቡ ሥጋ ከመሆን ይልቅ ወደ ማርማላታ ያደላል። ስለዚህ የቁራጮቹን ላይ በጨርቅ ወይም በወረቀት አድርቀው፣ በጋለ መጥበሻ ላይ በትንሽ ዘይት ሁለቱን ገጽ ለሦስት ለሦስት ደቂቃ ይጥበሱ፤ ከመጥበሻው ሥር የቀረውንም በጭማቂው አለቅልቀው ወደ ድስቱ ይገልብጡት።

መረቁ ሁልጊዜ የሚበዛብኝና የሚቀጥነው ለምንድን ነው?

ክዳኑ ተዘግቶ የሚያበስል ድስት እንፋሎቱን መልሶ ወደ ምግቡ ያንጠባጥባል፤ በምድጃ ላይ እንደሚሠራ ወጥ ውኃው ተንኖ አያልቅም። በዚያ ላይ ሥጋውም፣ ሽንኩርቱም፣ ፍሬውም የየራሳቸውን ውኃ ያወጣሉ። ስለዚህ ለ1.5 ኪሎ ግራም ሥጋ ከግማሽ ኩባያ ጭማቂ ቢጀምሩ በመጨረሻው ሁለት ወይም ሦስት ኩባያ መረቅ ቢያገኙ ሊገርምዎት አይገባም።

ለማወፈር የተሻለው መንገድ ሥጋውን አውጥቶ፣ የመረቁን ስብ በማንኪያ ገፎ፣ መረቁን በሰፊ መጥበሻ ላይ ግማሹ እስኪቀር ማፍላት ነው፤ ጣዕሙም አብሮ ይጠነክራል። ጊዜ ከሌለዎት አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው በሚፈላው መረቅ ላይ ይጨምሩ። ስታርቹን ከመጀመሪያው አይጨምሩት፤ ኮምጣጣ ጭማቂና ረጅም ሙቀት ሲገናኙ የማወፈር ኃይሉን ይሰብሩበታል።

ትኩስ አናናስ ልጠቀም ወይስ የታሸገ? ባለፈው ጊዜ ሥጋው እንደ ገንፎ ሆነብኝ።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ በትኩስ አናናስ ውስጥ ያለው ብሮሜሌን የሚባል ኢንዛይም ነው። ብሮሜሌን ፕሮቲንን ይቆራርጣል፤ ትኩስ አናናስ ብዙ ሲበሉ ምላስ የሚያሳክከውም በከፊል በእርሱ ምክንያት ነው። ሙቀት ሲጨምር መጀመሪያ ሥራው ይፈጥናል፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ደግሞ ኃይሉን ያጣል። በምድጃ ላይ ድስቱ ቶሎ ስለሚፈላ ኢንዛይሙ የሚሠራበት ጊዜ የደቂቃዎች ብቻ ነው። ስሎው ኩከር ግን ምግቡን ኢንዛይሙ በሚፈጥንበት ሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ እያዘገመ ያሳልፈዋል፤ የሥጋው ላይ ጭረቱን አጥቶ ወደ ሊጥነት የሚለወጠው በዚያ ጊዜ ነው። ይህ ልስላሴ ከኮላጅን መሟሟት የሚመጣው ልስላሴ አይደለም፤ የመጀመሪያው የሥጋውን ጭረት ያፈርሳል፣ ሁለተኛው ጭረቱን ሳይነካ ያያያዘውን ያላላል። ትልልቅ ቁራጮች ላያቸው ብቻ ይጎዳል፤ በትንንሹ የተከተፈ ሥጋ ግን ሙሉ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል።

የታሸገ አናናስ ሲታሸግ በሙቀት ስለሚያልፍ ኢንዛይሙ ሞቷል፤ በሙቀት ታክሞ በጠርሙስ የሚሸጥ ጭማቂም እንዲሁ ነው። ትኩሱን ከወደዱ፣ በጣዕምም እርሱ ይበልጣል፣ የተቆራረጠውን አናናስ ከጭማቂው ጋር በትንሽ ድስት ለ5 ደቂቃ ያህል አፍልተው ይጨምሩት። ማቀዝቀዝ ግን ኢንዛይሙን አይገድለውም፤ ጥሬውን በፍሪዘር የቆየ አናናስም እንደ ትኩሱ ይቆጠራል። ፓፓያ ፓፔን፣ ኪዊ ደግሞ አክቲኒዲን የሚባሉ ተመሳሳይ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ በለስም ከእነርሱ ወገን ነው። ፓፔን ከብሮሜሌን ይልቅ ሙቀት ስለሚችል፣ በተለይ ያልበሰለ ፓፓያን በስሎው ኩከር ከሥጋ ጋር ከመጀመሪያው ባያገናኙ ይሻላል።

ለማስጌጥ ጥሬ አናናስ ከላይ መበተን ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በማዕድ ላይ ለየብቻ ይቅረብ። ከሥጋው ጋር ተቀላቅሎ ከተቀመጠ ኢንዛይሙ በማቀዝቀዣ ውስጥም ሥራውን በዝግታ ስለሚቀጥል በማግሥቱ ሥጋው ልፍስፍስ ያለ፣ ጣዕሙም የመረረ ሊሆን ይችላል።

ፍሬውን መቼ ልጨምር?

በዚህ ምግብ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ሥጋው ስምንት ሰዓት ይፈልጋል፤ ፍሬው ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ይችላል። ሁሉንም ጠዋት በአንድ ላይ ከጨመሩ ማታ የሚያገኙት ፍሬ ቅርጽም መዓዛም የሌለው ጭረት ይሆናል፤ ጣፋጭነቱ በሙሉ ወደ መረቁ ወጥቶ ፍሬው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ፍሬውን ለሁለት መክፈል ይበጃል። ጭማቂው ከመጀመሪያው ገብቶ ሥጋው ውስጥ ይሥረጽ፤ የሚታኘከው ፍሬ ግን በመጨረሻ ይግባ።

አፍልተው ያዘጋጁት ወይም የታሸገው አናናስ ጠንካራ ስለሆነ ሊበላ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይገባል። የበሰለ ማንጎ ቶሎ ስለሚፈርስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጠንከር ያለው፣ ግማሽ የበሰለው ማንጎ ቅርጹን ይበልጥ ይጠብቃል። ያልበሰለ የምግብ ሙዝ (ፕላንቴን) ሁለት ሰዓት ያህል ይችላል፤ የበሰለ ጣፋጭ ሙዝ ግን ለዚህ ድስት አይሆንም። ብርቱካን በጭማቂውና በተፈገፈገው የላይኛው ቅርፊት ብቻ ይግባ እንጂ ከነልጣጩ ተቆራርጦ አይግባ፤ በቅርፊቱና በፍሬው መካከል ያለው ነጩ ክፍል ለሰዓታት ሲበስል መረቁን ያመርረዋል። ሎሚው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይጨመቅ፤ መዓዛው በፍጥነት የሚተን ነውና ስምንት ሰዓት የበሰለ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል።

ኮምጣጣ ብርቱካን ካላገኙ ሁለት እጅ የጣፋጭ ብርቱካን ጭማቂ ከአንድ እጅ የሎሚ ጭማቂ ጋር ቀላቅለው መተካት ይችላሉ።

ካሮቱና ስኳር ድንቹ ከስምንት ሰዓት በኋላም ለምን ጠጠሩብኝ?

የአትክልትን ሴሎች የሚያያይዘው ፔክቲን ኮምጣጣ ፈሳሽ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። የአናናስ፣ የብርቱካንና የሎሚ ጭማቂ ሁሉም ኮምጣጣ በመሆናቸው፣ ውኃ ውስጥ በግማሽ ሰዓት የሚበስለው ካሮት በእነርሱ ውስጥ ለሰዓታት ሊጠጥር ይችላል። በስሱ ቆርጠው ሙቀቱ በሚበረታበት በድስቱ ሥርና ዳር ላይ ያስቀምጡት፤ ወይም ለብቻው ቀቅለው በመጨረሻው ይጨምሩት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አትክልቱ የራሱን ጣዕም ይዞ ይቀርባልና። ሩዝም ለብቻው ይቀቀል።

መረቁ በጣም ጣፈጠ፤ ምን ላድርግ?

ውኃ አይጨምሩበት፤ ጣፋጩን ሳያስተካክል ሁሉንም ያቀጥነዋል። መጀመሪያ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በሻይ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ፤ ከዚያም ጨዉን ይቅመሱ፤ ብዙ ጊዜ ጣፈጠ የሚባለው መረቅ ጨው ያነሰው ነው። የሚያቃጥል ቃሪያም ጣፋጩን ይሸፍናል። ለሚቀጥለው ጊዜ ስኳርና ማር ከመጀመሪያ መጨመርን ይተዉ፤ የአናናስ ፍሬ በራሱ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ያህል ስኳር ነው፤ ጣፋጭ ማከል ካስፈለገ መረቁ ከተቀመሰ በኋላ ይደርሳል።

የኮኮናት ወተት ቢጨመርበትስ?

ይስማማዋል፤ ነገር ግን ለሰዓታት ከኮምጣጣ ጭማቂ ጋር ሲሞቅ ቅባቱ ከውኃው ይለያያል። ስለዚህ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ፣ አስቀድሞ በደንብ ተበጥብጦ ይግባ። የተለያየውም ቢሆን መልኩ እንጂ ምግቡ አልተበላሸም።

ደረቅ ቦሎቄ አብሬ ማብሰል እችላለሁ?

ጥሬውን በቀጥታ አይጨምሩ። ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ ሌክቲን ከሚባሉት ወገን የሆነ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው፤ ይህ ንጥረ ነገር የሚጠፋው በእውነተኛ መፍላት ብቻ ነው። ስሎው ኩከር ወደዚያ ሙቀት ላይደርስ ስለሚችል፣ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ቦሎቄ ከባድ ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትላል። ቢያንስ ለ5 ሰዓት ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ደፍተው፣ በአዲስ ውኃ በምድጃ ላይ ለ30 ደቂቃ ያፍሉት፤ እስኪለሰልስም እዚያው ይጨርሱት፤ ኮምጣጣው መረቅ ውስጥ ከገባ በኋላ አይለሰልስምና። የታሸገ ቦሎቄ አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ማታ አዘጋጅቼ ጠዋት ማብራት እፈልጋለሁ። ሥጋውን በጭማቂ ዘፍዝፌ ላሳድረው? ከፍሪዘር የወጣውንስ እንዲሁ ልክተተው?

ጨውና ደረቅ ቅመም አሽቶ በማቀዝቀዣ ማሳደር እጅግ ጥሩ ነው፤ ጨዉ በአንድ ሌሊት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የኮምጣጣ ፍሬ ጭማቂ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆይ የሥጋውን ላይ ያሻክረዋል፤ ትኩስ አናናስ ከሆነማ ከላይ የተነገረው መፍረስ እዚያው ይጀምራል። ጭማቂውን ለየብቻ አዘጋጅተው ጠዋት ያገናኟቸው። የሸክላውን ማሰሮ ራሱን በማቀዝቀዣ አያሳድሩት፤ ቀዝቃዛው ሸክላ ምግቡን ከማዘግየቱም በላይ በድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል።

በረዶ የሆነ ሥጋ በስሎው ኩከር ውስጥ አይግባ። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲሆን፣ የበረደ ቁራጭ ይህን ክልል ለማለፍ ብዙ ሰዓት ይወስድበታል። አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቅለጥ፤ 1.5 ኪሎ ግራም የሚሆን ቁራጭ አንድ ቀን ሙሉ ሊፈልግ ይችላል።

ሥጋው በደንብ ከበሰለ በኋላ ውስጡ ሮዝ ነበር። ይበላል?

ቀለሙን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ይመኑ። 90 ዲግሪ የደረሰ የትከሻ ሥጋ ሮዝ ቢመስልም በስሏል። በሌላ በኩል ቡናማ መስሎ ሙቀቱ ያልደረሰ ሥጋም አለ። ለሙሉ ቁራጭ የአሳማ ሥጋ ዝቅተኛው የደኅንነት ሙቀት ከ3 ደቂቃ ዕረፍት ጋር 63 ዲግሪ፣ ለተፈጨው ደግሞ 71 ዲግሪ ነው።

የተረፈውን በዚያው ድስት ማሞቅ እችላለሁ?

አይቻልም፤ ስሎው ኩከር ቀዝቃዛ ምግብን በበቂ ፍጥነት አያሞቅም። በምድጃ ወይም በማይክሮዌቭ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ካሞቁ በኋላ ግን እንዳይቀዘቅዝ በድስቱ ማቆየት ይችላሉ። የተረፈው ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ጠለቅ ባላለ ዕቃ ተከፋፍሎ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። በማግሥቱ መረቁ ረግቶ ቢያገኙት አይጣል፤ የረጋው ጄላቲኑ ነው፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይቀልጣል።

የምኖረው ከፍታ ቦታ ላይ ነው፤ የተጻፈው ሰዓት ፈጽሞ አይበቃኝም።

ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በ2,400 ሜትር ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መረቁ ከዚህ ሊያልፍ ስለማይችል ኮላጅኑ የሚሟሟው በዝግታ ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት በከፍተኛው ሙቀት ጀምረው ወደ ዝቅተኛው ይመልሱት፤ ከዚያም ከተለመደው በላይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይጨምሩ። 95 ዲግሪን አይጠብቁ፤ እዚያ ከፍታ ላይ አይመጣም፤ ሹካው ሲዞር ሥጋው ደርሷል። ፍሬው የሚገባበትንም ሰዓት ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይወስኑ።

እኔ በሌለሁበት መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ነበር። ምግቡን ምን ላድርገው?

ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ ካላወቁ፣ የበሰለ ቢመስልና ሽታው ቢያምርም ይድፉት። በለብታ ሙቀት ለሰዓታት የቆየ ሥጋ ላይ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዳግመኛ በማሞቅ የማይጠፋ መርዝ ይተዋሉ፤ የጭማቂው ኮምጣጣነትም ሥጋውን ከዚህ ለመጠበቅ አይበቃም።

ቤት ውስጥ ሳሉ ከጠፋ ግን ሌላ ነው፤ ወዲያውኑ በጋዝ ምድጃ ወይም በሌላ እሳት ላይ አዙረው ማብሰሉን ይጨርሱት። ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ የጠፋ ከሆነ ክዳኑ ሳይከፈት እስከ 2 ሰዓት መቆየት ይችላል። በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ከቤት የሚለዩ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት ግማሽ ኩባያ ውኃ በፍሪዘር አርግተው ከላዩ ሳንቲም ያስቀምጡበት፤ ሲመለሱ ሳንቲሙ ወደ በረዶው ሰምጦ ካገኙት መብራቱ በረዶውን ለማቅለጥ የሚበቃ ጊዜ ጠፍቶ ነበርና ድስቱን አይመኑት። ሳንቲሙ ከላይ ቢቀር ግን አጭር መጥፋት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የድስቱንም ሙቀት ይለኩ፤ ከ60 ዲግሪ በታች ከሆነ አይብሉት።